ፊድያ ሊቀበል የሚገባው ሰው ፊድያ አጥቶ ሲጾም



ሸዕባን ሲጋመስ በአዘና ከሶላት በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ውስጥ ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣው የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥያቄ ነው። «ዘንድሮ ልጹም ወይስ ልተው?» ይሉናል። አንዱ ጠያቂ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ፣ ተመርምሮ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ለረመዳን ተስተካክሎለት፣ የስኳር መለኪያውን በኪሱ ይዞ ይመጣል። እሱ የሚጠይቀን ለማረጋገጥ ያህል ነው። ሌላዋ ከገጠር ቀበሌ በእግሯ የመጣች እናት ናት። ስኳር አለብሽ ከተባለች ዓመታት አልፈዋል፤ ኪኒኑ ሲገኝ ትውጣለች፣ ሲጠፋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። የደሟ ስኳር ዛሬ ስንት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኛም አናውቅም። ለእሷ የሚሆነው መልስ ኪታብ በመግለጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

የሸሪዓው ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው። በሱረቱል በቀራ 184ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲያካክስ፣ ጾሙ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ደግሞ ድሃ በማብላት ፊድያ እንዲያወጣ ፈቅዷል። በተከታዩ አንቀጽ ለባሮቹ የሚሻው ገሩን እንጂ ችግሩን እንዳልሆነ ነግሮናል። ዑለማዎችም ጾም የሚጎዳውን በሽተኛ ለመለየት የሚታመን ሐኪም ቃል፣ ወይም ሰውየው በራሱ ላይ ደጋግሞ ያየው ልምድ ማስረጃ ይሆናል ብለዋል። ነፍሱ ወይም የሰውነቱ ክፍል ይጠፋል ተብሎ የሚፈራለት ሰው ከሆነማ መጾሙ ራሱ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ማንሳት ግድ ይለናል። በአንድ ጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ቆስሎ ነበር። ገላን መታጠብ ግዴታ ሲሆንበት፣ ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለህ ሩኽሷ የለህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሬው ሲደርሳቸው እጅግ አዘኑ፤ የገደሉት እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ያን ሰው ሩኽሷ የነፈጉት ጓደኞቹ ናቸው። ዛሬ በገጠሩ ሙስሊም ላይ ሩኽሷን የሚነፍገው ብዙ ጊዜ የሰው አፍ አይደለም። የትራንስፖርት ዋጋ ነው፤ የመለኪያው ስትሪፕ አለመኖር ነው፤ የተዘጋ መንገድ ነው።

ነገሩን ከመድኃኒቱ እንጀምር። በጤና ጣቢያዎቻችን ለብዙ ዘመን ሲሰጡ የኖሩት የስኳር ኪኒኖች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ስኳርንም ያወርዳል። ጾመኛ ላይ ግን ስኳርን ከልክ በታች በማውረድ ይታወቃል። የዘርፉ ሐኪሞች ለጾመኛ የሚመርጧቸው፣ እንዲህ ያለ አደጋ የሚያንስባቸው ኪኒኖች አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፣ የሚገኙትም በአብዛኛው በከተማ የግል ፋርማሲ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች እኩል ታመው፣ እኩል ነይተው፣ በአንድ ሰፍ ተራዊሕ ሰግደው፣ አንዱ ረመዳንን በሰላም ሲፈጽም ሌላው ከአስር ሶላት በኋላ ላብ አጥምቆት የሚወድቀው በኪኒኑ ዋጋ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ወደቀ የተባለው ሰው ኢማኑ ደክሞ አይደለም።

ጾምና ስኳርን በተመለከተ ሰፊ ከሚባሉት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 የሙስሊም ቁጥር በሚበዛባቸው አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገው ነው፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ከዓይነት አንድ ሕሙማን ከመቶ 43ቱ፣ ከዓይነት ሁለት ሕሙማን ከመቶ 79ኙ ቢያንስ 15 ቀን ጾመው ተገኝተዋል። ለሆስፒታል የሚያበቃ ከባድ የስኳር መውረድ ከሌላው ወራት ጋር ሲነጻጸር በዓይነት አንድ ሕሙማን ላይ 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት ሁለት ላይ 7.5 እጥፍ ጨምሮ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ሕመምተኛው ሩኽሷ እያለውም መጾሙን እንደማይተው ነው። ከጀማዓው መለየት ይከብደዋል፤ እኛም ይህን እናውቃለን። ስለዚህ «አትጹም» ብሎ ማሰናበት ብቻ ሥራውን አይጨርስም።

ሐኪሞቹ ለመጾም ለቆረጠ ሰው የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው። ቀን ላይ ስኳሩን ይለካ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ያፍጥር። ጣትን ወግቶ ደም ማየት ጾም አያፈርስም። ምግብነት የሌለው የቆዳና የጡንቻ መርፌም ጾም እንደማያበላሽ በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ወስኗል፤ ኢንሱሊን በዚህ ውስጥ ይገባል። ምክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን መለኪያ ያለው ሰው ምክር ነው። ስትሪፕ አንድ ጊዜ ተለክቶበት የሚጣል ነገር ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ለአንድ ረመዳን 90 ስትሪፕ ይፈልጋል። የአንድ ባለ ማሳ ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣል? በለንደን ወይም በኩዋላ ላምፑር ያለ ሙስሊም ከረመዳን በፊት ክሊኒክ ሄዶ የጾም ምክር መቀበሉ የተለመደ ሆኗል። እኛ ዘንድ ያው ምክር የሚደርሰው ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲደውል ነው።

«ስኳር እኮ የሀብታም በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ሥጋና ለስላሳ የሚያበዛ፣ የማይንቀሳቀስ ሰው ሕመም ነው ለማለት ነው። ለከተሜው የተወሰነ እውነት አለው። ነገር ግን የጎንደር ሐኪሞች ለዓመታት ሲያክሙ የኖሩት ሌላ ሕመምተኛም አለ፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ብዙ ጊዜ ወንድ፣ ከገጠር የመጣ ገበሬ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው። ይህን ዓይነቱን ሕሙም ያጠኑት ሕመሙን ከድህነትና ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ምደባውን ሰረዘው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ዓይነት አምስት የሚል ስም ሰጥቶ መልሶታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስም ያልነበረው በሽታ ያለበት ሰው ማለት ነው። ሀብታም በመሆኑ ታመመ የሚባለው ይህ ልጅ፣ የታመመው ሕፃን ሳለ ስላልጠገበ ሊሆን ይችላል።

በጉሊት ድንች የምትሸጥ እናት ልጅ ውሃ ውሃ ሲል፣ ሌሊት ሽንት ሲመላለስ፣ እየበላ ሲከሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ዓይን ነው፤ ቀጥሎ ጅን ነው። ሩቅያ እንድናደርግለት ወደ እኛም ይመጣል። ቁርኣን እንቀራበታለን፣ ወደ ጤና ጣቢያም እንልከዋለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጥቁር አዝሙድም በሐዲስ የተወሳ ነው። ኢንሱሊን አስጥሎ በጥቁር አዝሙድና በማር የሚያክም ሰው ግን ከሱና ምንም የያዘው የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ሰዎች ወደዚህ የሚሄዱት ስላላመኑ ወይም ስላልገባቸው ብቻ አይደለም፤ ማሩ ጎረቤት ቤት አለ፣ ኢንሱሊኑ የለም። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ እ.ኤ.አ. በ1923 የኢንሱሊንን የፈጠራ መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲያስረክቡ የተቀበሉት በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አለፈ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች ደግሞ ይህን ሁሉ አባብሰውታል። ወባ የታመመ ሰው መንገድ እስኪከፈት ተጨንቆ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ኢንሱሊን ያለቀበት ልጅ ግን ጥቂት ቀናትም ላይቆይ ይችላል። መንገድ የሚዘጋም የሚከፍትም ወገን ሁሉ ይህን እንዲያስብ በአላህ ስም እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለመዳን ተስፋ የሌለው ሕመም ያለበትና መጾም የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። መጠኑ በየመዝሀቡ ይለያያል፤ በሻፊዒይ አንድ ሙድ፣ ማለትም የአንድ ሰው ሁለት እጅ እፍኝ ሙሉ እህል ነው፤ በሐነፊይ ከዚያ ይበልጣል። በሙድ ቢሰላ የወሩ ከ15 እስከ 20 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ነጋዴው ይህን በአንድ ቀን አውጥቶ ልቡ ያርፋል። ያች እናት ግን ትቆጥራለች። ሃያ ኪሎ ጤፍ፣ ወይም በቆሎም ቢሆን፣ ከልጆቿ አፍ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ምን ታደርጋለች? «ፊድያውን ከማጣ ጾሙን ልሞክረው» ትላለች። ሰው ፊድያ አጥቶ ጾም ሲመርጥ አይተናል። ፊድያ የተደነገገው ለእንደ እሷ ያለው ምስኪን እንዲበላ ነበር፤ እሷ ግን ከሚቀበሉት መቆጠሯ ቀርቶ ከሚከፍሉት ተቆጥራ፣ ክፍያውን በሰውነቷ ትከፍላለች።

ይህ በየሰፈሩ ሊነገር የሚገባው መስአላ ነው። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም። ምንም የሌለው ሕመምተኛ ፊድያ አሁን አይጠየቅም። ወደፊት ሲያገኝ ያውጣ ወይስ ጭራሽ ይቅርለት በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ፊድያ ስለሌለው እየተጎዳም ይጹም ግን አላሉም። ዘመድ ወይም ጎረቤት አስፈቅዶት ቢያወጣለት ይበቃዋል። ሕመምተኛው ራሱ ድሃ ከሆነ የሌላውን ሰው ፊድያ መቀበል ይችላል፤ አያሳፍርም፤ አላህ ለእሱ የመደበለት ነው።

ዘካም እንዲሁ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት ስምንት ተቀባዮች ቀዳሚዎቹ ፉቀራእና መሳኪን ናቸው። ድሃ ሆኖ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ፍላጎቱ እህል ብቻ አይደለም። ዘካ በተቀባዩ እጅ መግባት አለበት የሚለውን የፊቅህ ቃል የሚያከብር ሰው ገንዘቡን ለሕመምተኛው ያስረክብ፣ ወይም መድኃኒቱን ገዝቶ በእጁ ይስጠው። መለኪያው ግን በዘካ ባይሆን ይሻላል፤ እሱን በወቅፍ ማድረግ ይቻላል። አንድ የስኳር መለኪያ ለመስጂድ ወቅፍ ቢደረግና ስትሪፑ በየጁሙዓው ሰደቃ ቢገዛ፣ የሰፈሩ ሕመምተኛ ከአስር ሶላት በኋላ ተለክቶ ይሄዳል። የሚለካ ሰው አናጣም፤ ከወጣቶቻችን በጤና ሙያ የተማሩ አሉ። መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ወቅፍ ለሕክምና መዋሉ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። ሱልጣን ቀላውን በ683 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1284፣ በካይሮ ያሠራው ትልቅ ሆስፒታል ሀብታምና ድሃን በነጻ ሲያክም የኖረው ከወቅፍ በሚገባ ገቢ ነበር። እኛ የምንለው የአንድ መለኪያ ወቅፍ ነው።

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አንድ ነገር እንበል፤ «ኢንሹራንስ ሐራም ነው» ብለው የሚሸሹት አሉና። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአገራችን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ከተመረጡት አንዷ የዳንግላ ጎረቤት የሆነችው ደቡብ አቸፈር ነበረች። አባላት ያዋጣሉ፣ የታመመው ይታከምበታል፣ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍላል። ትርፍ የሚከፋፈል ባለቤት የለውም። በእኛ አስተያየት ይህ በበጎ ነገር መረዳዳት ከሚባለው ይቆጠራል። ጉድለት አለበት፤ ደብተር ይዞ የሄደ ሰው መድኃኒቱ የለም ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ የሚላክበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይህንንም የሚመለከተው አካል ሊሰማው ይገባል። ቢሆንም እህል በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ምዝገባው ሲደርስ፣ ከነጻ ተጠቃሚው ዝርዝር ለጥቂት የቀሩትን ቤተሰቦች መዋጮ መሸፈን አንድ ጀማዓ የማይችለው ነገር አይደለም።

የኢፍጣር ድጋፍም ይታሰብበት። በየዓመቱ ለድሆች የሚታደለው ዱቄት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ዘይትና ተምር ነው። ሰጪዎቹን አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ስኳር ሕመም ላለበት ቤት ከዚህ ከረጢት ውስጥ የሚጠቅመው ጥቂቱ ነው። ባለጸጋው ቤት ለሕመምተኛው ገብስና ምስር ለብቻ ይሠራል። ድሃው የተሰጠውን ይበላል። ምስር፣ ባቄላ፣ የገብስ ዱቄት፣ እንቁላል ቢጨመርበት ወጪው ብዙም አይለይም፤ ይልቁንም አብዛኛው ከራሳችን ገበያ የሚገኝ ነው። ሳምቡሳ ያለ ረመዳን አይደምቅም የሚሉትን አንከራከራቸውም፤ አንድ ይብላ፣ አምስት አይብላ። ሱሑርንም ሕመምተኛው እስከ ፈጅር መዳረሻ ያቆየው እንጂ ከተራዊሕ በኋላ በልቶ አይተኛ። ሱሑሩ ባዶ ሻይ ከሆነ ግን ማቆየቱ ምን ይጠቅማል? ለሕመምተኛ ጎረቤት ሱሑር ማድረስ የዚህ ወር ትልቅ ሰደቃ ነው ብለን እናምናለን። በተለይ እናቶች፤ ለሁሉም አቅርበው የተረፈውን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ስለ ማቀዝቀዣ ይጠይቁናል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ እንዲሆን ግን አይፈቀድም፤ በረዶ ሆኖ የሟሟ ይጣላል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ስር ለአንድ ወር ያህል ይቆያል። ደጋው ለዚህ ያግዛል፤ ወደ አየሁ ቆላ ወረድ ላለው ቤት ግን ከባድ ነው። ፍሪጅ ያለው ባለሱቅ የጎረቤቱን ብልቃጥ ከለስላሳው ጎን ቢያስቀምጥለት ምንም አይጎድልበትም። ፍሪጅ በሌለበት፣ ውሃ የሚያዥ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በደረቅ ዕቃ አሽጎ ማስቀመጥ ሙቀቱን እንደሚቀንስ ተፈትኖ የታየ ነው።

ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ እሾህ ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው አይሰማውም። በባዶ እግሩ ወይም በፕላስቲክ ጫማ የሚያርስ ሰው ደግሞ ከባለሱቁ ይልቅ ለዚህ የቀረበ ነው። እግር የሚቆረጠውም ቁስሉ ትልቅ ስለነበረ ሳይሆን ዘግይቶ ስለታየ ነው። እኛ ግን በቀን አምስት ጊዜ እግራችንን የምናጥብ ሕዝብ ነን። ሕመምተኛው በውዱእ ጊዜ የጣቶቹን መካከል ይፈልፍል፣ ውስጥ እግሩን ይመልከት፤ ዓይኑ ከደከመ ልጁ ይይለት። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያለውን ውሃ በደንብ ያድርቅ። ውሃ አሙቆ የሚያደርግ ከሆነ ሙቀቱን በእጁ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይሞክር፤ የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አይናገርም።

በመጨረሻ በኹጥባም በየቤቱም የምንደጋግመውን እዚህም እንጻፈው። በአገራችን ጾሙ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ለመድኃኒት ተጠቃሚ ከባዷ ሰዓት ከመግሪብ በፊት ያለችው ናት። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ብዥታ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም መዘባረቅ ከታየ ስኳሩ ወርዷል። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከሌለ እንዳለ ይቆጠር። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ» የሚል ይኖራል። ያፍጥር። ያለበት አንድ ቀን ቀዷ ነው፣ ወይም መጾም የማይችል ከሆነ ፊድያ፤ ከፋራ የለበትም፣ ወንጀልም የለበትም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኙትና ባገኛችሁት ነገር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አዛን እስኪባል አትጠብቁ።